እናቴ ልምምዴን «ሟርት» አለችው

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የጎንደር ልጅ ነኝ፤ የምማረውም እዚሁ ነው። ቴአትር፣ ሦስተኛ ዓመት። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ክላሲክ ተውኔት የሚባለውን ነገር አልወደውም ነበር። የጥንቶቹ ግሪኮች ሶፎክልስ፣ ዩሪፒደስ፣ አሪስቶትል ለእኔ የሚሸመደዱ ስሞች ነበሩ። ካታርሲስ ምንድን ነው ሲባል በቃሌ እጽፋለሁ፤ ከፈተና ስወጣ ይጠፋል።

ዘንድሮ ግን መምህራችን የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» እንድንሠራ ሰጠን። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር፦ ሁለት ወንድማማቾች በዙፋን ተጣልተው ተገዳደሉ። አጎታቸው ክሬዎን ነገሠና አንደኛው በክብር ይቀበር፣ ሁለተኛው ፖሊኒኬስ ግን አገሩን የወጋ ነውና ሜዳ ላይ ይጣል፣ የቀበረውም ይሙት ብሎ አዋጅ አስነገረ። እህታቸው አንቲጎኔ እሞታለሁ እንጂ ወንድሜን አልጥልም ብላ አፈር አለበሰችው። እኔ አንቲጎኔን እንድሠራ ተመረጥኩ። መጀመሪያ ቀን ቃሉን ሳነብ ሰውነቴ ውርር አለኝ። የምማረውን ትምህርት የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ ከዚያ ወደ ሊቢያ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ አካባቢ ይደውል ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን ድምፁ የለም፣ ስልኩም አይሠራም። ቤታችን ውስጥ ስለሱ አይወራም። እናቴ ማታ ማታ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች፤ ይኸው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጓሯችን ጌሾው ሥር እየተለማመድኩ ነበር። ሬሳው እንዲመስልልኝ ጋቢ ጠቅልዬ መሬት ላይ አጋደምኩና አፈር ዘግኜ እየበተንኩበት ቃሌን ስል፣ ለካ እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። ጋቢው የወንድሜ ነው። እኔ በእጄ የገባው እሱ ስለሆነ ነው ያነሳሁት። እናቴ ጮኸች። «ልጄን በቁሙ ቀበርሽው! ምን ዓይነት ሟርት ነው?» አለችኝ። ጋቢውን አራግፋ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲህ ቡና ስታፈላ እንኳ «ነይ ጠጪ» አትለኝም፤ ሲኒዬን አስቀምጣልኝ ትነሳለች። አጎቴም ነገሩን ሰምቶ «አባቱን የገደለ ንጉሥ፣ ሬሳ የምትቀብር ልጅ፣ ይሄ የፈረንጅ ተረት ነው ትምህርት የሚባለው?» አለኝ።

ልተወው? ከተውኩት ግሬዴ ይበላሻል፣ ግሩፑም ይጎዳል። ካልተውኩት ደግሞ ወንድሜ አንድ ነገር ቢሆን ዕድሜ ልካችንን «ያኔ ነው» እንላለን። ለእናቴ ተውኩት ብዬ በድብቅ ልሥራው እያልኩም አስባለሁ። እባክዎ ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከጎንደር

*

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የወንድምሽን ደህና ወሬ ያሰማችሁ።

ልተወው ወይስ ልቀጥል ወደሚለው ጥያቄሽ ቶሎ መድረስ አልቻልኩም፤ ጋቢው ላይ ቆምኩ። በእጄ የገባው እሱ ነው ብለሻል፣ አምንሻለሁ። ግን እስቲ ቀስ ብለሽ ራስሽን ጠይቂው፤ አንሶላ ነበር፣ ነጠላ ነበር፣ አሮጌ ማዳበሪያም ከጓሮ አይጠፋም፣ እጅሽ ለምን ወደ እሱ ጋቢ ሄደ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ልወቅስሽም አይደለም። ከመስቀል ወዲህ ስለ ወንድምሽ ድምፅ አውጥተሽ የተናገርሽው ያን ቀን ብቻ ይሆን ብዬ ነው፣ ያውም በሌላ ሰው ቃል። እናትሽ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ አንቺም ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ፣ ስለ ወንድም የተጻፈ እንዲህ ያለ ቃል እጁ ሲገባ አጥብቆ ቢይዘው አልፈርድበትም።

አሁን ወደ እናትሽ እንሂድ። እኛ ዘንድ ክፉ ነገር እንዲሁ በአፍ አይጠራም። ሰው ሲሞት እንኳ መርዶው ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚናገር ሰው ተመርጦ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። እናትሽ ጓሮ ስትወጣ ያየችው ያለ ወግ፣ ያለ ሽማግሌ፣ በገዛ ልጇ እጅ የመጣ መርዶ ነው። ተውኔት እያየች መሆኑን በምን ታውቃለች? የልጇ ጋቢ መሬት ላይ ነው፣ አፈር እየተበተነበት ነው፣ እህቱ እያለቀሰች ነው። እኔም ብሆን እጮህ ነበር።

አሪስቶትል ትራጀዲ፣ ማለትም አሳዛኝ ተውኔት፣ ፍርሃትና ርኅራኄ ይቀሰቅሳል፣ ቀስቅሶም ያጠራል ያለውን፣ ያንኑ ካታርሲስ የሚባለውን፣ ለፈተና ሸምድደሽዋል። እናትሽ ፍርሃቱን ሙሉውን ተቀበለች። ታሪኩን ግን ከመሃሉ ቀንጭባ ስላየችው የሚያሳርፋት ነገር አላገኘችም። አሁን ያለችው እዚያ ፍርሃቱ ላይ ነው።

እንዲያውም አንቲጎኔን ከእኔም ከመምህርሽም በላይ የምትረዳት እናትሽ ትመስለኛለች። ያደገችው «ቀባሪ አታሳጣኝ» ብሎ በሚጸልይ ሕዝብ መሃል ነው። ዕድራችን ብዙ ሥራ አለው፤ የቆመበት ዋና ጉዳይ ግን ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ነው። እናትሽ በየወሩ ከጉሮሮዋ ቀንሳ የምትከፍለው ለዚሁ ነው። ክሬዎን ሬሳ አይቀበር ሲል ምን ያህል ከባድ ቃል ከአፉ እንዳወጣ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም። ክፍል ውስጥ «በመንግሥት ሕግና በአማልክት ሕግ መካከል ያለ ግጭት» ብላችሁ የምትጽፉትን እሷ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች።

ያመማትም ለዚህ ነው። በረሃ ላይ ቀባሪ አጥቶ የወደቀ ልጅ... ማታ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ የምታስበው ምናልባት ይህንኑ ነው። ለአንቺም፣ ለጎረቤትም፣ ምናልባት ለንስሐ አባቷም አልተናገረችውም። አንቺ ሳታውቂ አውጥተሽ ጓሮ ላይ አሳየሻት። ስለዚህ የጥሉ ምክንያት ቴአትሩ ይምሰል እንጂ፣ ሁለታችሁም በአንድ ነገር ፈርታችኋል፣ ግን አንዳችሁም ለሌላው አልተናገራችሁም። እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። ተሳስቼ ከሆነ አንቺ ታውቂያለሽና ተዪው።

እንዲህ ከሆነ ደግሞ ቴአትሩን ብትተዪው እንኳ ፍርሃቱ እዚያው ነው። ሲኒሽን አስቀምጣ መነሳቷን ታቆም ይሆናል፤ ስልኩን ግን ከትራሷ ሥር አታነሳውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንቀይረው ባይ ነኝ። መጀመሪያ የወንድምሽ ጉዳይ፣ ከዚያ እናትሽ፣ ቴአትሩ ከዚያ በኋላ።

ወንድምሽን ፍለጋ የምትጀምሩበት ቦታ አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጦርነትና በስደት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግና የማገናኘት አገልግሎት ይሰጣል፤ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴና ከሌሎች አገሮች ማኅበራት ጋር ሆኖ ነው የሚሠራው፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። ጎንደር ያለው ቅርንጫፍ ሂዱና «የጠፋ ቤተሰብ ለማስፈለግ ነው» በሏቸው። ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ፣ የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ መጨረሻ የደወለበትን ቀንና ያኔ የት ነኝ እንዳለ፣ ይደውልበት የነበረውን ቁጥር፣ አብረውት የወጡትን ልጆች ስም ጽፋችሁ ያዙ። ፊቱ በደንብ የሚታይበት ፎቶም ውሰዱ። ከእሱ ጋር የወጡ ልጆች ቤተሰቦችን ዛሬውኑ ጠይቂ፤ አንዱ ጋ የደረሰ ወሬ ሌላው ጋ ሳይደርስ መቅረቱ የተለመደ ነው። መልስ ቶሎ ይመጣል ብዬ አልሸነግልሽም፣ ወራት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል «ልጃችሁን አውቀዋለሁ፣ ይህን ያህል ብር ላኩ» የሚል ስልክ ከተደወለ እናትሽ ብቻዋን እንዳትወስን። ድምፁን ሳትሰሙ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀውን የቤት ነገር ሳትጠይቁት ምንም አትላኩ።

እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ። እምቢ ልትል ትችላለች። «ምን ሆነና ነው የምናስፈልገው?» ካለችሽ አትከራከሪያት፣ በሌላ ቀን ደግመሽ ጠይቂያት። ካልሆነም አንቺ ሂጂና ሄጄ ነበር ብለሽ ንገሪያት። ትልቁ ነገር ስሙ ቤታችሁ ውስጥ እንደገና እንዲጠራ ነው።

እናትሽን ስታነጋግሪ በቴአትሩ አትጀምሪ። ቡና ስታፈላ ቀድመሽ ተቀመጪ፣ እጣኑንም አንቺ አጭሺ። «እማዬ፣ ጋቢውን ስላነሳሁ ይቅር በይኝ» በያትና እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን» የምትባለዋን ቃል አታስከትዪ፤ ይቅርታውን ትበላብሻለች። ከዚያ «እኔም ፈርቻለሁ» በያት። ይህን እስከ ዛሬ የነገርሻት አይመስለኝም። ልታለቅስ ትችላለች፣ ልትቆጣ ትችላለች፣ ዝምም ልትል ትችላለች። ምንም ብትሆን የዚያን ቀን ስለ መድረክ አታንሺባት።

በሌላ ቀን፣ ልቧ ረጋ ስትል፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ንገሪያት። ሃንድአውቱን ተዪውና ለሕፃን ተረት እንደምትነግሪ አድርጊው። አንዲት ልጅ ነበረች፣ አባቷ ዓይነ ስውር ሆኖ አገሩን ጥሎ የወጣ ንጉሥ ነበር ብለሽ ጀምሪ። መጨረሻውን አትቁረጪባት። ነቢዩ ቲሬሲያስ መጥቶ ክሬዎንን ሲገስጸው፣ ክሬዎን ልቡ ተሰብሮ መጀመሪያ ሬሳውን ሊቀብር ሲሄድ፣ ከዚያ አንቲጎኔን በሕይወቷ ከዘጋባት ዋሻ ሊያወጣ ሲሮጥ እሷ ራሷን አጥፍታ ሲያገኛት፣ ከዚያ የክሬዎን ልጅ ሄሞን፣ ከዚያ የክሬዎን ሚስት ተከትለዋት ሲሞቱ፣ ሁሉንም። በዚያ ተውኔት ሰው መድረክ ላይ አይሞትም፤ ሞቱን መልእክተኛ መጥቶ ነው የሚያረዳው። ይህንን እናትሽ ካንቺ ይልቅ ታውቀዋለች። ስትጨርሺ ጠይቂያት፣ «አንቺ ብትሆኚ ክሬዎንን ምን ትይው ነበር? እህቷ ኢስሜኔ እሞታለሁ ብላ መፍራቷ ጥፋት ነው?» በያት። የምትለውን ስሚ እንጂ አታርሚያት። ለገጸ ባሕሪሽም ከእናትሽ አፍ የምታገኚው ነገር ከማንም አይገኝም።

«በድብቅ ልሥራው» ያልሽውን ግን አልደግፈውም። ጎንደር ውስጥ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ተደብቆ አይቀርም፤ እናትሽ ከሰው አፍ ስትሰማ ደግሞ ቁስሉ ሁለት ይሆናል። የምትሠሪያት ልጅም በዚህ አትስማማሽም። መጀመሪያው ትዕይንት ላይ ኢስሜኔ «እንግዲያው ለማንም አትንገሪ፣ እኔም እደብቅልሻለሁ» ስትላት፣ አንቲጎኔ ተቆጥታ ይልቅ ለሁሉም ተናገሪ ነው የምትላት።

«ያኔ ነው እንላለን» ያልሽውም ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። እህቴ፣ ወንድምሽ ላይ የሚሆን ነገር ካለ የሚሆነው በመንገዱ፣ በደላላው፣ በጦርነቱ ምክንያት ነው። አንቺ ጌሾ ሥር የበተንሽው አፈር ሱዳን አይደርስም። እናትሽ በድንጋጤ የተናገረችውን ቃል ዕድሜ ልክሽን ተሸክመሽው እንዳትኖሪ። እሷም ብትጠየቅ እንድትሸከሚው የምትፈልግ አይመስለኝም።

አጎትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። አባትና ልጅ በዙፋን የተጣሉበት ታሪክ የፈረንጅ ብቻ ከመሰለው፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ የቆመውን የታላቁን የኢያሱን ግንብ ሂዶ ይይ። ኢያሱ በጣና ደሴት ሳለ በልጁ በተክለ ሃይማኖት ወገን ሰዎች ተገደለ፤ ልጁም «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ተብሎ ቀረ። የአንቲጎኔ አባት ኤዲፐስ እንኳ ሳያውቅ ነው አባቱን የገደለው። ሼክስፒርም ቢሆን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ «ሐምሌት»ና «ኦቴሎ» ሆኖ ሲመጣ ሰዉ እንደ ራሱ አድርጎ ነው የተቀበለው።

አንድ ነገር ግን ለአንቺ ልጨምር፣ ለትምህርትሽ ስለሚረባሽ። የግሪኩ ኮረስ፣ በኅብረት የሚዘምረው ቡድን፣ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ከመጽሐፍ ብቻ አይገባም። በሶፎክልስ ጊዜ 15 ሰዎች ነበሩ፤ አንዱን ስንኝ ወደ አንድ ወገን እየሄዱ፣ መልሱን ወደ ሌላው እየተመለሱ ይዘምሩ እንደነበር ይነገራል። አንቺ ያለሽው የአቋቋም አገር ነው። በክብረ በዓል ቀን ግሩፑን ይዘሽ ማልደሽ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም ቁስቋም ሂጂ። ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ መቋሚያው ከፍ ዝቅ ሲል፣ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ሲቀበል፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ሲመጣ እዪ። ዜማውን መድረክ ላይ አምጡት ማለቴ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚያው ይቆይ። ብዙ ሰው እንዴት እንደ አንድ ሰው እንደሚተነፍስ ግን ከዚያ የተሻለ የምታዪበት ቦታ አላውቅም።

እንግዲህ ቴአትሩ። እኔ አሁኑኑ ተዪው አልልሽም። ከሁለት ዓመት መሰላቸት በኋላ ሰውነትን የሚወርር ነገር ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። በዚህ ሳምንት ግን መምህርሽን ብቻውን አግኝተሽ ነገሩን ንገሪው፤ ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም በይው። ሳያውቅ «እስቲ የራስሽን ወንድም አስቢና አልቅሺ» ሊልሽ ይችላል፤ ብዙ አዘጋጅ ይህን ይላል። አንቺ ግን የራስሽን ወንድም አታስቢ። «አንቲጎኔ» ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ አቴንስ ላይ ሲታይ የሠራት ጭምብል ያጠለቀ ወንድ ነበር። ኀዘኑን ከጭምብሉ ጋር አጥልቆ፣ ሲጨርስ ከጭምብሉ ጋር አውልቆት ይወርዳል። ያንቺም እንዲሁ ይሁን። ልምምድሽን ከቤት አውጪው፣ የምትማሪበት ግቢ አድርጊው። ለሬሳው ማዳበሪያ ውስጥ ጭድ ሙሉበት፤ የማንም ልብስ አይሁን። ልምምድ ሲያልቅ ፊትሽን ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ጓደኞችሽ በራስሽ ስም ይጥሩሽ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ስለ ሌላ ነገር አውሩ። ማታ እንቅልፍ ካጣሽ ወይም ቃሉን ስትይ የምታዪው የሱን ፊት ብቻ ከሆነ ገጸ ባሕሪውን ቀይሪ። ኢስሜኔን መሥራት ውርደት የለውም። በዚያ ቤት በሕይወት የምትቀረው እህት እሷ ናት፣ ለአንድ ተዋናይ ከበቂ በላይ ሥራ አላት። ታሪኩን ከሰማች በኋላም እናትሽ «እባክሽ ልጄ፣ ይህን ነገር ተዪልኝ» ካለችሽ ደግሞ እኔ አንቺን ብሆን እቀይረዋለሁ፤ ግሬዱን ከመምህርሽ ጋር ተነጋግራችሁ ታስተካክሉታላችሁ። የዝግጅቱ ቀን ትምጣ አትምጣ የሚለውን ለእሷ ተዪላት፣ አትጎትቻት።

ከዝግጅቱ በፊት ከወንድምሽ ወሬ ከመጣ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ያን ቀን ልምምድ አትግቢ፤ ቤትሽ ሁኚ። መምህርሽ ይህን ከአሁኑ ይወቅ፣ ከግሩፑም አንዷ ያንቺን ቃል አብራ ታጥና።